የዕቃ ሳሙና

ደላላው «ቀለሟ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ እናቴ ትሙት!» ብሎ ምሎ፣ ስልክ ሊያነሳ ዘወር አለ። ሲመለስ መኪናዋን ልትገዛ የመጣችው ሴትዮ አንድ ባልዲ ውሃ አጠገቧ አስቀምጣ የኋላውን በር በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ትፈትጋለች።

ከት ብሎ ሳቀ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ በር ነው፣ ድስት አይደለም!» አለ፣ አላፊ አግዳሚው እንዲሰማለት ጮክ ብሎ። «መኪና የማያውቅ ሁሉ መኪና ልግዛ ይላል! ይሄ ሳሙና ቀለሙ ላይ የተቀባውን ሰም ሙልጭ አድርጎ እንደሚያነሳው እንኳ አያውቁም?»

ሴትዮዋ ቀና አላለችም። «አውቃለሁ ወንድሜ። ለሱ ብዬ ነው ከቤት ይዤው የመጣሁት» አለችና ባልዲውን በሩ ላይ ደፋችው።

አረፋው ወረደ። ደላላው ጠዋቱን ሙሉ ሰም ሲያሻሽ ያረፈደበት በር፣ ከቀረው የመኪናዋ ገላ የተለየ የደበዘዘ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ የተጋጨው ቦታ የተሞላበት ስቱኮ ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል።