የ«ዘንካታ» የፊት ገጽ

እስከዳር የፋሽን መጽሔት የፊት ገጽ መሥራት ከጀመረች አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። በዚህ ሁሉ ዘመን የተማረችው መዳፍ ላይ ተጽፎ ያልቃል። ገጹ ላይ ያለችው ሴት ዐይን ለዐይን ትመለከታለች። አፏ ትንሽ ገርበብ ይላል። የመጽሔቱ ስም ከአናቷ ላይ ይንሰራፋና ፀጉሯ ከፊደሎቹ አንዱን ወይ ሁለቱን ይጋርዳል። በግራ በኩል «በሰባት ቀን ሸንቃጣ ለመሆን» የሚል ይለጠፋል። ድረ ገጹም ያው ነው፤ ያችው ሴት፣ ያው ፀጉር፤ ብቻ እዚያ አንባቢው ፊቷን ከማየቱ በፊት ኢሜይሉን ይጠየቃል።

እስከዳር ይህን ሁሉ ትንቀዋለች። አንባቢዎቹን ደግሞ ከዚያ አብልጣ ትንቃለች።

ለ«ዘንካታ» የጥር እትም «የደጋ ውበት» የሚል ርዕስ ተሰጣትና ከፎቶ አንሺው ከፍሬአብ ጋር መንዝ፣ ሞላሌ መጣች። ከአዲስ አበባ ይዘዋት የመጡት ሞዴል አንድ ቀን ብርዱን ቀመሰች፤ ከንፈሯ ሲሰነጣጠቅ በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ተመለሰች። የፊት ገጹ ያለ ሴት ቀረ።

ሁለቱ ሻይ ቤት ተቀምጠው ሲመክሩ አንዲት ልጅ መጥታ ፊታቸው ቆመች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ጥቁር ለብሳለች፤ ራሷ ተላጭቷል። ቁመቷና የጉንጯ አጥንት ግን ፍሬአብን ከወንበሩ አስነሣው።

«ፎቶ የምታነሡት እናንተ ናችሁ?» አለች።

«ነን።»

«መጽሔታችሁ ቤይሩት ይደርሳል?»

ፍሬአብ ሳቀ። «በስልክ የማይደርስበት የለም። ምነው፣ እዚያ ባል አስቀምጠሻል?»

«ባል የለኝም። እኔን አንሡኝ።»

ስሟ ተሾመች እንደሆነ የነገሯቸው ባለ ሻይ ቤቷ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ናቸው። ብርጭቆ ሲያነሡ ወደ እስከዳር ጆሮ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ይቺን ተዪያት። የእናቷ አርባ ገና ባለፈው ሰንበት ወጣ። ሰው ሐዘኑን ይቀመጣል፣ እሷ የፎቶ መኪና ታባርራለች። የዘንድሮ ልጅ አንጀት የለውም።»

እስከዳር ልጅቱን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። የእናቷ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ መጽሔት ላይ ለመውጣት መሯሯጥ። እንዲህ ያለው ነገር ለአዲስ አበባ ልጆች ብቻ የተሰጠ ይመስላት ነበር።

«እናነሣሻለን» አለቻት። «ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ምንም። አንድ ነገር ብቻ ቃል ይግቡልኝ፣ እትዬ። ራሴ እንዳለ ይታይ። አትሸፍኑት፤ አትቁረጡት። ልብሴም ይኸው ይሁን።»

ገና ፎቶ ሳትነሣ የፊት ገጽ ታዛለች፣ ብላ እስከዳር በልቧ ሳቀች። ተለይቶ መታየት የማይወድ ዝና ፈላጊ የት አለ?

«ቃሌ ነው» አለች።

ከከተማው ጫፍ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ አነሷት። ፈገግ በይ ቢሏት አልሆነላትም። ጌጥ ቢያቀርቡላት በእጇ መለሰች። በየመሃሉ ግን እየሮጠች የተነሣውን ካላየሁ ትላለች።

«ፊቴ ይለያል? የሚያውቀኝ ሰው ቢያይ፣ እኔ መሆኔን ያውቃል?»

«እንኳን የሚያውቅሽ፣ ያላየሽም ያውቅሻል» አለ ፍሬአብ።

«መቼ ነው የሚወጣው?»

«ለጥር።»

«ከዚያ አይፈጥንም?»

እስከዳር ከዚህ በላይ መስማት አስጠላትና ጀርባዋን ሰጥታ ወደ መኪናው ሄደች። ሲሰናበቱ ልጅቱ የእስከዳርን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«የራሴን ነገር አደራ፣ እትዬ።»

«ሰማሁሽ እኮ።»

አዲስ አበባ ገብታ ኮምፒውተሩ ላይ ስታወጣው ፎቶው አልሆነም። የተላጨው ራስ ከመጽሔቱ ስም ሥር ባዶ ቦታ ተወ፤ አንድም ፊደል አይጋርድም። ጥቁሩ ቀሚስ ከገደሉ ጥላ ጋር ተቀላቀለ። ፊቱም ቢሆን የፋሽን ፊት አይደለም። እንዲህ ያለ ፊት አይቶ ሽቶ የሚገዛ የለም።

ግማሽ ቀን ያህል ቃሏን አሰበችው። ኋላ ግን፣ ቃሉ ለማን ነው? አለች። እናቷን በአርባ ቀን የረሳች ልጅ አንድ ፎቶ ልታስታውስ ነው? እንዲያውም ይህ ውለታ ነው፤ አይታ ትመርቀኛለች።

ትከሻዋ ላይ የሚወርድ ፀጉር አበቀለችላት። ቀሚሱን ቀይ አደረገችው። ጆሮዋ ላይ ወርቅ ሰካች። የከንፈሯን ጫፎች በጥቂቱ ወደ ላይ ሳብ ስታደርጋቸው ሳቅ ሆነ። ፀጉሩ ከ«ዘንካታ» ፊደሎች ሁለቱን ደንበኛ አድርጎ ጋረደ። በግራ በኩል «ተሾመች፣ የሞላሌዋ ቆንጆ፦ ደስታዬ ከፊቴ ይነበባል» ብላ ጻፈች። ልጅቱ እንዲህ ብላ አታውቅም። የፊት ገጽ ላይ ያለች ሴት ግን እንዲህ ትላለች።

ድረ ገጹ ላይ በወጣ በአንድ ቀን ሃምሳ ሺህ ሰው አየው። የመጽሔቱ ባለቤት ራሳቸው ደውለው አመሰገኑ። እስከዳር ወንበሯን ደገፍ ብላ የአንባቢዎቹን አስተያየት ወደ ታች እየሳበች አነበበች።

«ፀጉሯን ምን ትቀባው ይሆን?»

«ቀሚሱ የት ይገኛል?»

«መንዝ ይቺን ደብቆ ነው ገብስ የሚልክልን?»

ከንፈሯን እየመጠጠች አለፈቻቸው። ከእነዚህ የተሻለ ጠብቃም አታውቅ። ከታች፣ ከሁሉ በኋላ የገባው ከቤይሩት የተላከ ነበር።

«ይቺ ታናሽ እህቴ ናት፤ አሠሪዬ ስልኬን ከቀማችኝ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ የቤቴን ወሬ ሰምቼ አላውቅም፤ ዛሬ በሰው ስልክ ፀጉሯንና ቀይ ቀሚሷን ሳይ መሬት ወድቄ ሰገድሁ፤ እባካችሁ፣ ለእማዬ ለፋሲካ እመጣለሁ በሉልኝ።»