በእርግብግቢት በኩል

ነርሷ የእርጉዞችን አልትራሳውንድ ማሽን እየገፋች በኮሪደሩ ስታልፍ የምሳ ሰዓት ነበር። አልደበቀችውም። አንደኛው ጎማ ሲጥ ሲጥ ስለሚል ብትደብቀውም አይደበቅም።

«ሲስተር፣ ደግሞ ማን አረገዘ?» አላት የካርድ ክፍሉ ሰውዬ።

«ጨቅላዎቹ» ብላው አለፈች።

ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ፣ ሦስት ሳምንት የሆናቸው መንትዮች ነበሩ። አንዱን ሠራተኛው ሁሉ «ጯሂው» ይለዋል። ትኩሳት አለው፣ ሲያለቅስ ይውላል፣ ትናንት ደግሞ እጅና እግሩ ተንዘፈዘፈ። ሌላው «ጨዋው» ነው። ቀኑን ሙሉ ይተኛል፤ ለጡት እንኳ ቀስቅሰውት ነው። በዚህ ክፍል መውጫ የሚፈቀደው በሚዛን ነውና፣ ጨዋው ኪሎው ሞልቶለት የመውጫ ወረቀቱ እናቱ እጅ ገብቷል።

እናትየዋ እያለባበሰችው ነበር። ለሁለቱም በአንድ ልክ የሠራችውን የክር ኮፍያ ጨዋው ራስ ላይ ለማጥለቅ ትታገላለች።

«ባለፈው ሳምንት ልኩ ነበር፤ አድጎልኛል» አለች ፈገግ ብላ።

ነርሷ ሰምታ አለፈች። ሐሳቧ ሁሉ ጯሂው ላይ ነው። መንዘፍዘፉ ከአንጎሉ ነው፣ ዛሬውኑ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይላክ ብላ ዶክተሩን ከአንዴም ሁለቴ ለምናዋለች። እሱ ግን ኢንፌክሽን ነው፣ መድኃኒቱ ይሠራል ብሎ ዘግቶታል። ማሽኑን ከነካች ከሥራ እንደምትታገድም ነግሯታል። አልትራሳውንድ ማንም አላስተማራትም፤ ገጹ ከረገፈ አሮጌ መጽሐፍ ለቃቅማ ነው ያወቀችው።

«ሲስተር፣ ያመዋል እንዴ?» አለች እናትየዋ ማሽኑን አይታ።

ነርሷ ማስረዳት ከጀመረች ማቆሚያ የላትም። ድምፅ ብቻ ነው አለቻት፤ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ። የትልቅ ሰው ራስ ቅል አያሳልፈውም። የሕፃን እርግብግቢት ግን ገና ስላልገጠመ እንደ መስኮት ነው፤ ድምፁ በዚያ ይገባል፣ ነክቶ ሲመለስ ስዕል ይሆናል። ፈሳሽ ያለበት ቦታ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ፈሳሹ ከበዛ አንጎሉን ይጫነዋል፤ ቶሎ ካልተደረሰለት ደግሞ... የቀረውን ዋጠችው።

ጄሉን በመዳፏ አሙቃ የጯሂው እርግብግቢት ላይ ቀባች። የማሽኑን ጫፍ አሳረፈች። ስክሪኑ ላይ ሁለት ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ወጡ።

«ይኸው» አለች።

«ምኑ ነው ይኸው?» ዶክተሩ በሩ ላይ ቆሟል። የጎማውን ድምፅ ምሳው ላይ ሆኖ ሰምቶታል።

«ፈሳሽ ነዋ። እኔን ከፈለጉ አሁኑኑ ያባርሩኝ፤ ልጁን ግን ይላኩት።»

«ፈሳሽ እኔም ራስ ውስጥ አለ፣ አንቺም ራስ ውስጥ አለ። ይሄ ብዙ መሆኑን በምን አወቅሽ? የጤነኛ ሕፃን አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላየችም። የጤነኛው ስዕል ከረገፉት ገጾች ጋር ሄዷል።

ዶክተሩ ማሽኑን ሊነቅል ወደ ሶኬቱ ጎንበስ ሲል እናትየዋ ቀድማው መሃል ገባች። ሦስት ሳምንት ሙሉ «እሺ ዶክተር» ከማለት ሌላ ቃል ያልወጣት ሴት ናት።

«የጠፋው ጤነኛ ከሆነ ይኸውና። ከወንድሙ ጋር አስተያዩት፤ ከዚያ ይነቅላሉ።»

ጨዋውን አስተኛችና ኮፍያውን አወለቀች። ክሩ ግንባሩ ላይ ቀይ ምልክት ትቷል። ሕፃኑ አልነቃም።

ነርሷ የማሽኑን ጫፍ አሳረፈች። ሦስቱም ወደ ስክሪኑ አዩ። ጯሂው ላይ ቀጭን መስመር በነበረበት ቦታ፣ እዚህ ሁለት ሰፋፊ ጥቁር ኩሬዎች ተንጣለዋል።

ዶክተሩ የጨዋውን የመውጫ ወረቀት ከእናትየዋ እጅ ቀስ ብሎ ወሰደና ለሁለት ቀደደው።