ዕቃ ዕቃ

"ሕፃኑ ተከትቧል፤ ደህና ነው። የፈራሁት ላንቺ ነው፤" አለች ነርሷ፣ የደም ግፊት መለኪያውን ከእናትየዋ ክንድ ላይ እየፈታች። "ግፊትሽ በጣም ከፍ ብሏል። ስትራመጂ ትንፋሽ ያጥርሻል? ደረትሽንስ ያምሻል?"

"ምንም የለኝም ሲስተር። መታመሚያ ጊዜስ የት አለኝ?" ብላ ሳቀች። ተኚ እንዳትባል ፈርታለች፤ አባታቸው ሥራ ስለሚውል ልጆቿን የምትተውለት ሰው የላትም።

የአራት ዓመት ልጇ ትርሲት ጥጉ ላይ ዕቃ ዕቃ ትጫወታለች። ባዶ የውኃ ጠርሙስ በሻርፕ አዝላ "ገበያ ልሄድ ነው" ብላ ተነሳች። ጥቂት ተራመደችና ቆመች። ግድግዳውን ተደግፋ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቁና ቁና ተነፈሰች። ከዚያ ወደ ጠርሙሷ ዞራ፣

"አይዞሽ ልጄ፣ አሁን ይተወኛል። ለአባባ ግን እንዳትነግሪ፤" አለቻት።