የጓሮው በር

ዘርፈሽዋል አባቷ በሕይወት ሳለ አፍራበት ኖራለች። አባትየው ገብረኪዳን አንኮበር ላይ ለሰፈረው ጣሊያን በበቅሎው ዱቄት ይጭን ስለነበር አገሩ ሁሉ ባንዳ ይለዋል። እሷም ጎረቤት እንዳያየው በጓሮ በር እንዲገባ ለመነችው። ከዚያ ወዲህ በሩን ቆርቆር አድርጎ፣ በቀስታ፣ «ልጄ፣ ሰው አለ?» ይላል። አለ ካለችው ሰዉ እስኪሄድ በብርዱ ቆሞ ይጠብቃል። ገደል ገብቶ ሞተ ሲባል እንኳ ለቅሶ አልተቀመጠችም።

ጣሊያን አንኮበርን ለቆ በወጣ ሰሞን አልዩ አምባ ገበያ ስትወርድ፣ ረሺድ የሚባል አርበኛ ከአባቷ የቀረችውን በቅሎ አይቶ የማን ልጅ እንደሆነች አወቀ።

«ጥይታችንን ከዱቄቱ ሥር ደብቆ ያደርስልን የነበረው አባትሽ ነው» አላት። «እንዳይሰቀል ብለን ስሙን አላነሳንም። ኋላ ግን ጣሊያኖቹ ደረሱበት፤ ገደል የከተቱትም እነሱ ናቸው። አላህ ይዘንለት።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ቤቷ እንደገባች ጎረቤቱን ጠርታ የዘገየውን ለቅሶ ተቀመጠች። ለጀግና እንደሚደረገው በቅሎዋ ኮርቻ ተጫነች፤ የአባቷ ጋቢ ኮርቻው ላይ ተደረገ። ትናንት ባንዳ ይሉት የነበሩት ሁሉ ደረት ይመታሉ።

«ዛሬስ በፊት ለፊት ይግባ» አለች ዘርፈሽዋል።

ለለቅሶው የመጣው ረሺድ በቅሎዋን ወደ ዋናው በር ቢጎትታት አሻፈረኝ አለች። ልጓሙን አስጥላው ቤቱን ዞረችና ወደ ጓሮ ሄደች። ሰው ሲወርድበት እንደሚያደርገው ኮርቻው ሲጥጥ አለ። ቀጥሎ የጓሮው በር ተቆረቆረ።

«ልጄ፣ ሰው አለ?»

ሙሾው ቀጥ አለ። ግቢውን የሞላው ለቀስተኛ ሁሉ ምን እንደምትመልስ ሊሰማ ወደ ዘርፈሽዋል ዞረ።