በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል

አሮን ክፍተቱን መጀመሪያ የለካው ጥቅምት ላይ፣ የአቶ ባምላኩ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ በተመረቀ ሳምንት ነው። ከሕንፃው ግድግዳ እስከ ወይዘሮ ሹክሪያ ቤት ታዛ ጫፍ አርባ ሴንቲ ሜትር ነበር። መሰላሉ ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ ለካው፤ ሦስቱም አንድ ሆኑ። ቢሆንም ወርዶ ሜትሩን ከሌላ ሜትር ጋር አስተያየ።

የለካው ለመዝገብ ነው። በከተማው የቅርስ መዝጋቢ ሆኖ ከተቀጠረ ዓመት አልሞላውም። የሹክሪያ ቤት ደግሞ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ከቀሩት ጥቂት አሮጌ ቤቶች አንዱ ነበር፤ አያታቸው ከጅማ መጥተው ቡና ሲነግዱ የሠሩት። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ አንድም ቀጥ ያለ መስመር የለውም። በታዛው ዙሪያ የተመታው እንጨት ግን እንደ ጥልፍ በእጅ የተፈለፈለ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ጥላው መንገዱ ላይ ይዘረጋል፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆችም ጥላውን ላለመርገጥ እየዘለሉ ያልፋሉ። ቤቱ በቅርስነት ለመመዝገብ የቀረው አንድ ፊርማ ነበር።

ኅዳር ላይ አቶ ባምላኩ አቤቱታ አስገቡ። አሮጌው ቤት ወደ ሕንፃቸው እያዘመመ ነው፤ ሰው ሳይጨርስ ይፍረስ ይላል።

የአሮን አለቃ ወይዘሮ ንጋቷ አንብበው ወረቀቱን ወደ እሱ ገፉት።

«በየማክሰኞው ክፍተቱን ለካ። እስከ ሰኔ ከአምስት ሴንቲ በላይ ከጠበበ ቤቱ አስጊ ነው፤ ይፈርሳል። ካልጠበበ እፈርምልሃለሁ።»

«ክፍተቱን ብቻ?»

«ሌላ ምን ልትለካ አማረህ?»

ማክሰኞ ማክሰኞ መሰላሉን ተሸክሞ ይሄድ ጀመር። ሹክሪያ ሰላምታውን አይመልሱም። በሦስተኛው ሳምንት የልብስ እጣቢያቸውን መሰላሉ ሥር ደፉት።

«አንተ ልጅ፣ ባምላኩ ምን አብልቶህ ነው?»

«ማንም ምንም አላበላኝም፣ እትዬ። እኔ ቤቱ እንዲተርፍ ነው የምፈልገው።»

«እንዲተርፍ ከፈለግህ ከላዩ ላይ ውረድ። ይሄ ፎቁን የገተረበት ቦታ እኮ አያቴ ከማጂ የሚመጡትን በቅሎዎች ውሃ የሚያጠጡበት ነበር። በጋ ከክረምት አረንጓዴ ነበር። እሱ መጥቶ አጠፋው።»

አቶ ባምላኩ ከሕንፃው ምድር ቤት ካለው ሱቃቸው ወጡ። የመስታወቱን በር ሁለት ጊዜ በትከሻቸው ገፍተው ነው የወጡት።

«የበቅሎ ወሬሽን ተይና ጎጆሽን ደግፊ። ሰው ላይ ሲወድቅ አያትሽ ከመቃብር ተነሥተው አይጠየቁም።»

«አንተ መጀመሪያ በርህን ክፈት።»

«በሩን የገጠመልኝ ሌባ ነው። ያንቺ ግን እርጅና ነው።»

አሮን መሰላሉ ላይ ሆኖ ቁጥሩን ጻፈ። ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል።

ጥር ላይ ሠላሳ ስምንት ደረሰ። እጁን ስለተጠራጠረ ሌላ ሰው አስለካ። ያው ሆነ። እንጨቱ በእርጥበት አብጦ ይሆናል ብሎ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ያልጣለበትን ጊዜ ጠብቆ እንደገና ለካ። ያው ሆነ። ከሸኮና ከጌጫ የመጣውን ቡና የሚያወርዱ ጫኞች ጆንያ ተሸክመው በታዛው ሥር እየተጋፉ ወደ አቶ ባምላኩ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ሲወጡ አየ። ምናልባት እነሱ እየነኩት ይሆናል ብሎ ግማሽ ቀን ቆሞ ተመለከታቸው። አንዳቸውም ቤቱን አልነኩም። ይህንንም ጻፈ።

መጋቢት ላይ ሠላሳ ስድስት ሆነ። ሹክሪያ ከዚያ ወዲህ እጣቢ አልደፉም። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው እስኪወርድ ድረስ ያዩታል። ስድቡ ይሻለው ነበር።

«ስንት ገባ?» አሉት አንድ ቀን።

«ሠላሳ አምስት።»

«ቤትሽን ለማፍረስ አንድ ቀርቶኛል በለኛ።»

በግንቦት የመጨረሻ ማክሰኞ ሠላሳ አራት ነበር። አሮን ደብተሩን ወይዘሮ ንጋቷ ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

«ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» አለ።

ሴትዮዋ ገጾቹን ገለጡ። የእያንዳንዱ ማክሰኞ ገጽ ሦስት ሦስት ቁጥር፣ ሰዓት፣ የአየር ሁኔታና ፊርማ አለው።

«የቱ ጋ ነው የተሳሳትከው? አሳየኝ።»

አሮን ደብተሩን መልሶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየው። የሚያሳየው አጣ።

ቤቱ በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት ፈረሰ። ጠዋት ተጀምሮ ለምሳ አልደረሰም። አቶ ባምላኩ ደረጃቸው ላይ ቆመው እስኪያልቅ ተመለከቱ። «አሁን ተነፈስኩ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ሹክሪያ ጓዛቸውን ጋሪ ላይ አስጭነው በአሮን አጠገብ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ስትለካ ኑር» አሉትና ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ባዶውን ቦታ የሚያጥር ቲቶ የሚባል ግንበኛ መጣ። አሮን ወሰኑን ሊያሳየው አብሮት ሄደ።

«አጥሩን ይህን ሕንፃ ተከትዬ ላቁመው?» አለ ቲቶ።

«ተከተለው። አዲስ ግድግዳ ነው።»

ቲቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ላይ አየ። መሰላል አቁሞ ወጣ። የፈረሰው ታዛ ይደርስበት ከነበረው ከፍታ ላይ ክሩን ከሕንፃው ግድግዳ አስነክቶ ያዘና በጫፉ የታሰረውን፣ ግድግዳ ቀጥ ማለቱ የሚለይበትን ቱንቢ ወደ መሬት ለቀቀው።

«እስቲ ከታች ለካልኝ» አለ።

አሮን ተንበረከከ። ቱንቢው መወዛወዙን እስኪያቆም ጠበቀና ሜትሩን ዘረጋ።

ከቱንቢው እስከ ሕንፃው ግርጌ ስድስት ሴንቲ ሜትር ነበር።