ከመርፌው ሥር

ጠጋኙ የእንጀራ እናቱን አሮጌ የስፌት መኪና በጎኑ አጋድሞ ከመርፌው ሥር ያለችውን ክዳን ፈታ። የስንት ዘመን የጨርቅ ብናኝ ተጠቅጥቆ እንደ ግድግዳ ቀለም ተደራርቧል። በወረንጦ ሲልጠው ከላይ ነጭ ወጣ፤ ቀጥሎ የተማሪ ልብስ ሰማያዊ።

«አራግፈህ ዘይት ጠብ አታደርግበትም? ምን ትጎረጉራለህ!» አለችው፣ አጠገቡ ተቀምጣ መነጽሯን እየወለወለች።

ከሁሉም ሥር፣ ብረቱ ላይ የተጣበቀ ወይን ጠጅ ሱፍ አገኘ። በልጅነቱ፣ ወጥቶ የቀረው አባቱ እንደላከለት ተነግሮት የለበሰው ካፖርት ቀለም ነበር። እንጀራ እናቱ ቁልፉን ልትቆልፍለት ስትጠጋ «የአባቴ ነው፣ እንዳይነኩብኝ!» ብሎ እጇን ይገፋ ነበር። እሷም «እውነትህን ነው፣ የአባትህ ነው» ትለው ነበር።

«እትዬ፣ ካፖርቱን የሰፉልኝ እርስዎ ነበሩ?»

«ታዲያ ብርዱ አባትህ እስኪመጣ ይጠብቅልሃል?»

ያን ሁሉ ዘመን አመድ አፋሽ ያደረገውን እጇን አየ። ብናኟን ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተታት።

«እማዬ፣» አላት፣ «እስቲ ዘይቱን አቀብይኝ።»

እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። አሮጊቷ ዘይቱን ልታቀብለው ተንጠራርታ በዘይቱ ፈንታ መቀሱን አነሣችና ሰጠችው። እሱም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ተቀበላት።