በየዓርቡ ስለ ውሃ የሚጠይቀው ህንዳዊ

«ታኒ ኢሩካ?... ታኒ ኢሩካ?»

ሰውዬው የስልኩን እጀታ ጆሮው ላይ ለጥፎ ይጮሃል...

ከኋላው የተሰለፉት «ያላ! ያላ!» እያሉ ያጣድፉታል።

እሱ ግን መልሱን ሳይሰማ አይዘጋም።

ከዚያ ፊቱ በራ... ሳቀ... የስልክ ካርዱን ኪሱ ከተተና ሄደ።

ጊዜው 1996 ዓ.ም. ነው። ቦታው የኳታር ዋና ከተማ ዶሃ፣ አል ሰድ የሚባል ሰፈር።

ሰውዬው ሴልቫራጅ ይባላል። ህንዳዊ ነው፤ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ኤሲ ጠጋኝ።

ታሪኩን የነገረኝ ዘውዱ ደግሞ የዚያው ሕንፃ ጥበቃ ነበር። አንድ ክፍል ነው የሚኖሩት... ቋንቋቸው ግማሽ ዓረብኛ፣ ግማሽ እንግሊዝኛ፣ የቀረው በእጅ።

ዘውዱን ነገሩ ከነከነው።

ሰው ቤቱ ሲደውል «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ነው የሚለው። ይሄ ሰው ግን ሁሌም የሚያስቀድመው ያንኑ ነው።

«ሰዲቅ፣ ወዳጄ፣ ታኒ ምንድነው?» አለው አንድ ቀን።

«ውሃ። ታኒ ኢሩካ... ውሃ አለ ወይ?»

«ሚስትህን ውሃ አለ ወይ ብለህ ነው የምትጠይቃት?»

«አዎ።»

የመሣሪያ ሳጥኑን አንስቶ ወደ ሥራው ሄደ...

ለዘውዱ የሰውዬው ቤተሰብ ውሃ የተጠማ መሰለው።

ዓርብ አል ዋክራ ከተማ ኢትዮጵያውያኑ ለጸሎት ሲሰበሰቡ ለወንድሞችና ለእህቶች ነገራቸው። የሰው ቤት የምትሠራው ባንቺአየሁ ከሁሉም ቀድማ ቦርሳዋን ከፈተች።

«ውሃ እኮ ነው! እንዴት ዝም እንላለን?»

ያዋጡትን በፖስታ ሲሰጡት ሴልቫራጅ መጀመሪያ ሳቀ... ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ። ፖስታውንም መለሰላቸው።

«ሰዲቅ... እኛ ውሃ አላጣንም። ውሃው ያለው እኛ ቤት ነው።»

ማታ ለዘውዱ ሁሉንም ነገረው።

ሰፈሩ ቬላቸሪ ነው፤ ቼናይ የሚባል ከተማ ዳር። እሱ ልጅ ሳለ ሩዝ የሚታረስበት፣ ሐይቅ ያለበት፣ እንቁራሪቱ ሰው የማያስተኛበት ገጠር ነበር።

ከዚያ ከተማው መጣ...

የሐይቁ ዳር በአፈር ተሞልቶ ቤት ተሠራበት። የሩዙ ማሳ ላይ ፎቅ በቀለ። ትናንት በሬ ይነዳ የነበረው ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። የድሮው ሻይ ቤት ደጅ ላይ የኮምፒውተር ካምፓኒ ወጣቶች ቆመው ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ። ባቡሩ ሳይቀር በምሰሶ ላይ ሊመጣ ነው ይባላል።

«ሁሉ ነገር መጣ...» አለ ሴልቫራጅ፣ «ውሃው ግን ሄደ።»

ሁሉም ግቢውን እየበሳ የከርሰ ምድሩን ውሃ ሳበው። ዝናቡም ከዳ። ቦቴ መኪና ሲመጣ ሴቶች የፕላስቲክ እንስራ ይዘው ይሻማሉ።

የሴልቫራጅ አያት ያስቆፈሩት ጉድጓድ ግን እስካሁን ጣፋጭ ውሃ አለው። ሚስቱ ጠዋት ጠዋት የግቢውን በር ትከፍታለች... ጎረቤቱ ገብቶ ይቀዳል። በነፃ።

ችግሩ... ቦታው ዋና መንገድ ላይ ነው። ፎቅ ሠሪዎች አብደውለታል።

«ብሸጠው ነገ ዶሃን እለቃለሁ። ልጄም በየቀኑ ሽጠው ይለኛል። ግን የሚገዛው ሰው ጉድጓዱን ይደፍነዋል። ስለዚህ ለራሴ ቃል ገባሁ... ጉድጓዱ የደረቀ ዕለት እሸጣለሁ። አገሬ እገባለሁ።»

ዘውዱ ደነገጠ።

«ቆይ... ውሃ አለ ስትባል እዚህ ትቀራለህ ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቅህ?!»

«ጎረቤቶቼ ጠጡ ማለት ነዋ» አለው።

ወራት አለፉ... የቼናይ በጋ ከረረ።

አንድ ዓርብ ደወለ... ሰማ... አልሳቀም። ስልኩን ሰቅሎ እግረኛ መንገዱ ላይ ቁጭ አለ።

«ጭቃ ነው የሚወጣው አለችኝ።»

ዘውዱ ይዘን ይደሰት ግራ ገባው። መጨረሻ ላይ አቀፈው።

«ኸላስ ሰዲቅ! ተገላገልክ... አገርህ ግባ!»

ሴልቫራጅ የዓመት ፈቃዱን ወሰደ። «እንግዲህ አልመለስም» ብሎ ብርድ ልብሱን ለዘውዱ ሰጠው። ተላቀሱ።

ከሳምንታት በኋላ የክፍሉ በር ተንኳኳ...

ሴልቫራጅ!

ከስቷል። መዳፉ ተላልጧል።

«ሸጥከው?» አለ ዘውዱ።

«ልሸጥ ነበር የሄድኩት። ገዢውም መጥቶ ነበር... ግን ሴቶቹ ባዶ እንስራ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። አንዷም አትሽጥ አላለችኝም። ዝም ብለው አዩኝ... መፈረም አቃተኝ። በገመድ ወደ ጉድጓዱ ወረድኩና መቆፈር ጀመርኩ።»

«ብቻህን?!»

ፈገግ አለ።

«ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሰው ወረደ። ልጄ! ያ ሽጠው ሽጠው የሚለኝ ልጄ። አካፋውን ከእጄ ነጠቀኝና "አባዬ ደክሞሃል... ውጣ" አለኝ። ከላይ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ጭቃውን በባልዲ ይስብ ጀመር። ስንት ቀን እንደቆፈርን አላውቅም... ውሃው መጣ።»

ዘውዱ ብርድ ልብሱን መለሰለት...

«ልጅህስ? ስትመለስ ምን አለህ?»

«ኤርፖርት ድረስ ሸኘኝ። ምንም አላለም። ሻንጣዬን ግን አላስይዝ አለኝ።»

ይህን ብሎ ጫማውን አወለቀና ጋደም አለ። በማግሥቱ ሹግል፣ ሥራ፣ ነበረበት።

ወዳጆቼ...

ሰፈራችን አደገ ስንል ፎቁንና አስፋልቱን ነው የምናየው። ዘውዱ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ሰፈር ያደገው ጎረቤት ሳይጠማ ከሆነ ብቻ ነው።»

እኔ አንድ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። ጎረቤቱ ጠጣ... ልጁ ግን አባቱን በስልክ ነው ያገኘው።

እናንተ በሴልቫራጅ ቦታ ብትሆኑ ፈርማችሁ ከልጃችሁ ጋር ትቀሩ ነበር... ወይስ ወደ ዶሃ ትመለሱ ነበር?

ከልባችሁ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ...